ለዓመታት ሳይነካ የቆየ ኮምፒውተርን ሳያቃጥሉ፣ ፋይሉንም ሳያጠፉ ለማስነሣት የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

በደሴና በኮምቦልቻ ቤቶች ውስጥ በዳንቴል ወይም በላስቲክ ተሸፍኖ ጥግ የያዘ አሮጌ ኮምፒውተር ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። አንዱ ቀድሞ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሥራ ይሠራበት የነበረ ነው፤ ሌላው ውጭ አገር ያለ ዘመድ የላከው ነው፤ ሌላው ደግሞ ከመሥሪያ ቤት በጨረታ የተገዛ ነው። ባለቤቱ አንድ ቀን የድሮው ጨዋታ ወይም ያኔ የጻፈው ደብዳቤ ትዝ ይለውና አቧራውን ጠርጎ በቀጥታ ሶኬት ላይ ይሰካዋል። ከዚያ በኋላ ወይ የጥይት ድምፅ የመሰለ ፍንዳታ ተሰምቶ የተቃጠለ ሽታ ቤቱን ይሞላዋል፤ ወይ ማራገቢያው እየዞረ ስክሪኑ ጨለማ እንደሆነ ይቀራል፤ ወይ ደግሞ ሁሉም ነገር ሠርቶ፣ ፋይሉ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ድርድር ይወጣል።

ሦስቱም ችግሮች የሚመጡት በአብዛኛው ከቅደም ተከተል ስህተት ነው። ማሽኑ ቢቃጠል ተመሳሳዩ ይገኛል፤ ዲስኩ ላይ ያለው ጽሑፍ ግን ሌላ ቅጂ የለውም። ስለዚህ በዚህ መመሪያ መጀመሪያ ዲስኩን እናድናለን፤ ማሽኑን የምናበራው ከዚያ በኋላ ነው። መመሪያው የሚመለከተው ከ486 እስከ ፔንቲየም 4 የተባሉት ፕሮሰሰሮች ያሏቸውን የጠረጴዛ ኮምፒውተሮች ነው። በእኛ አገር ሣጥኑን በሙሉ ሲፒዩ ብሎ መጥራት ተለምዷል፤ እዚህ ግን ሣጥኑን ኬዝ፣ ዋናውን ቺፕ ደግሞ ፕሮሰሰር እያልሁ እጠራለሁ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ባለ መስቀል ካቻቢቴ፣ ለስላሳና ንጹሕ የቀለም ብሩሽ፣ ነጭ ላጲስ፣ ከፋርማሲ የሚገኝ ባለ ከፍተኛ መጠን አልኮል፣ ቮልቴጅ የሚለካ ዲጂታል ቴስተር፣ ሲአር2032 የተባለው ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ፣ ለፕሮሰሰሩ የሚቀባ የሙቀት ማስተላለፊያ ቅባት፣ አሮጌ ሃርድ ዲስክን በዩኤስቢ የሚያገናኝ አዳፕተር፣ በደንብ የሚሠራ ላፕቶፕና ሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተርን የሚያስነሣ ሌላ ሥርዓት) የተጫነበት ፍላሽ ያዘጋጁ። አዳፕተሩን ሲገዙ የራሱ የኤሌክትሪክ ምንጭ እንዳለው ያረጋግጡ፤ የጠረጴዛ ኮምፒውተር ዲስክ 12 ቮልት ስለሚፈልግ ከዩኤስቢ በሚያገኘው 5 ቮልት ብቻ አይዞርም። ብዙ ሰው ዲስኩ ሞቷል ብሎ የሚጥለው እዚህ ላይ ነው።

ደረጃ 1፦ ቦታውንና ጊዜውን ይምረጡ

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች፣ በሐምሌና በነሐሴ ጭጋግ የማይለያት ከተማ ናት። በዚያ ወቅት መጋዘን ውስጥ የሰነበተ ማሽን እርጥበት ይዟል ብለው ይነሡ። ኬዙን ከፍተው ፀሐይ በሚገባበት ደረቅ ክፍል ውስጥ ቢያንስ ሁለት ቀን ያቆዩት፤ ከከሰል ምድጃ አጠገብ ግን አያስቀምጡት። ማሽኑን ወደ ኮምቦልቻ የሚወስዱት ከሆነ የሐረጎ መንገድ ጠመዝማዛ በመሆኑ ሃርድ ዲስኩን አስቀድመው አውጥተው፣ በጨርቅ ጠቅልለው በእጅዎ ይያዙት። ቀዝቃዛ ዕቃ ወደ ሞቃት አየር ሲገባ ጤዛ ይይዛል፤ ስለዚህ እዚያ እንደደረሱ ወዲያውኑ አይሰኩ፤ እስከ ማግሥቱ ይጠብቁ።

የኤሌክትሪኩም ጉዳይ አለ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይወስዳል፤ ሲጣድና ሲነሣ የቤቱ ቮልቴጅ ይወርዳል፣ ይወጣል። ሙከራውን እንጀራ በማይጋገርበት ሰዓት ያድርጉ። መብራት ሄዶ ሲመለስ ያለው የመጀመሪያ ቅጽበት ለአሮጌ ማሽን አደገኛ ስለሆነ፣ መብራት እንደሄደ ገመዱን ከሶኬት ይንቀሉና ከተመለሰ በኋላ አሥር ደቂቃ ያህል ይቆዩ።

ደረጃ 2፦ ሳይሰኩ ይክፈቱና ይመርምሩ

1. የኤሌክትሪክ ገመዱ አለመሰካቱን አይተው ያረጋግጡ። ከዚያ ማብሪያውን ለአሥር ሴኮንድ ተጭነው ይያዙ።

2. የጎን ሽፋኑን ፈትተው፣ ማንኛውንም ነገር ከመንካትዎ በፊት ውስጡን ከየአቅጣጫው በስልክዎ ፎቶ ያንሡ። የትኛው ገመድ የት እንደነበረ በኋላ የሚነግርዎ ይህ ፎቶ ብቻ ነው። የፈቱትን ብሎን በየቦታው ለይተው በተለያዩ ስኒዎች ያስቀምጡ።

3. አቧራውን በደረቅ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች ይጥረጉ። ማራገቢያዎቹን በጣትዎ ይዘው ያጽዱ። በአፍዎ አይንፉ፤ ትንፋሽ እርጥበት አለው። እርጥብ ጨርቅም ወደ ውስጥ አያስገቡ።

4. ማዘርቦርዱ (ሌሎቹ ክፍሎች የሚሰኩበት ትልቁ ሰሌዳ) ላይ የቆሙትን ትንንሽ በርሜል መሳይ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ አጠራቃሚዎች) አንድ በአንድ ይመልከቱ። አናታቸው ጠፍጣፋ መሆን አለበት። ያበጠ፣ የተሰነጠቀ ወይም ቡናማ ቅርፊት ያወጣ ካለ ማሽኑን አያብሩት፤ ካፓሲተሮቹ በብየዳ መቀየር አለባቸው። እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2007 ገደማ በተሠሩ ቦርዶች ላይ ይህ ብልሽት እጅግ የተስፋፋ ነበር፤ ስለዚህ የፔንቲየም 3 እና የፔንቲየም 4 ባለቤቶች በዚህ ላይ ጊዜ ቢወስዱ ይበጃቸዋል። የሚቀይረው ባለሙያ ቮልቴጁንና ማይክሮፋራዱን (የመያዝ አቅሙን) ብቻ ሳይሆን፣ ለማዘርቦርድ የሚሆነውን ዝቅተኛ ውስጣዊ ተቃውሞ ያለውን ዓይነት መግዛቱን ይጠይቁት።

5. ባትሪውን ያውጡ። ክብ ከሆነ ይለኩት፤ ከ2.8 ቮልት በታች ከሆነ ይጣልና በአዲሱ ሲአር2032 ይተካ። በ386ና በ486 ቦርዶች ላይ ግን ባትሪው ብዙውን ጊዜ ሰማያዊ በርሜል መስሎ ቦርዱ ላይ የተበየደ ሲሆን፣ በጊዜ ብዛት የሚያፈሰው ፈሳሽ የመዳብ መሥመሮቹን ይበላል። አረንጓዴ ወይም ነጭ ዝገት ካዩ ባትሪውን ቆርጠው ያስወግዱ፤ ቦታውን በጥርስ ብሩሽና በጥቂት ኮምጣጤ ፈትገው፣ ከዚያ በአልኮል አጥበው ሙሉ በሙሉ ያድርቁ።

ደረጃ 3፦ ሃርድ ዲስኩን አውጥተው ይቅዱ

ይህን ደረጃ ለመዝለል የሚቸኩል ሰው በኋላ ይጸጸታል። ማሽኑ በእርግጥ እንደሚሠራ ቢያውቁ እንኳ መጀመሪያ ይቅዱ።

1. ሰፊውን ጠፍጣፋ ገመድና ባለ አራት ሽቦውን የኤሌክትሪክ ገመድ ቀጥ አድርገው ይንቀሉ። ወዲያና ወዲህ ሲወዛወዝ ከ40ዎቹ ቀጭን እግሮች አንዱ ሊታጠፍ ይችላል። ከታጠፈ በቀጭን ፒንሳ ቀስ ብለው ያቅኑት፤ አንድ ጊዜ ይቃናል፣ ደጋግመው ካጠፉት ይሰበራል።

2. ከዲስኩ ኋላ ያለውን ጃምፐር (ሁለት እግሮችን የሚያገናኝ ትንሽ ቆብ) ማስተር በሚለው ቦታ ያድርጉት። ቦታው አብዛኛውን ጊዜ ዲስኩ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ተሥሎ ይገኛል።

3. ዲስኩን በጠፍጣፋ ነገር ላይ አስተኝተው ከአዳፕተሩ ጋር ያገናኙ። መጀመሪያ ኤሌክትሪኩን ያብሩና ያዳምጡ። ለስላሳ የመዞር ድምፅና ሁለት ሦስት ትንንሽ መንኳኳት ጤናማ ነው። ሳያቋርጥ ታክ፣ ታክ፣ ታክ የሚል ከሆነ ወዲያውኑ ያጥፉ። ያ ድምፅ አንባቢው ጭንቅላት መረጃውን ፈልጎ እንዳጣ የሚናገር ነው፤ በእያንዳንዱ ሙከራ ጉዳቱ ይጨምራል። ዲስኩን በመዶሻ መምታት፣ በፍሪጅ ማስቀመጥ ወይም በካቻቢቴ መክፈት መድኃኒት አይደለም። ተዘግቶ ለባለሙያ ይቆይ።

4. ላፕቶፑን ሊኑክስ ባለው ፍላሽ ያስነሡ። ዊንዶውስ ላይ ከሰኩት ዲስኩ ፎርማት መደረግ አለበት የሚል መልእክት ሊወጣ ይችላል። ምንጊዜም እምቢ ይበሉ፤ አንድ ጊዜ እሺ ማለት የሃያ ዓመት ጽሑፍ ያጠፋል።

5. ዲዲሬስኪው (ddrescue) በተባለው ፕሮግራም የዲስኩን ሙሉ ምስል ወደ አንድ ፋይል ይቅዱ። ይህ ፕሮግራም መጀመሪያ በቀላሉ የሚነበበውን ወስዶ፣ የተበላሸውን ቦታ መዝግቦ ያልፈዋል፤ በኋላ ተመልሶ ይሞክረዋል። ሲጀምሩ የመዝገብ ፋይል እንዲይዝ ማዘዝዎን አይርሱ፤ መብራት ቢሄድ ካቆመበት የሚቀጥለው በእርሱ ነው። ምንጭና መድረሻ የሆኑትን ዲስኮች ስም በመጠናቸው ለይተው ሁለት ጊዜ ያንብቡ፤ ከተገለባበጡ ባዶው በሙሉው ላይ ይጻፋል።

6. ቅጂው 4 ጊጋባይት ሲደርስ ከቆመ ችግሩ ከአሮጌው ዲስክ ሳይሆን ከመድረሻው ነው፤ ፋት32 በተባለው የፋይል አደረጃጀት የተዘጋጀ ፍላሽ ከዚያ የበለጠ ፋይል አይቀበልም። ፍላሹን በኤክስፋት አዘጋጅተው እንደገና ይጀምሩ።

ቅጂው ሲያልቅ በሌላ ዲስክ ላይ ሁለተኛ ቅጂ ያስቀምጡ። ማሽኑን ለማስነሣትም ዋናውን ዲስክ አይጠቀሙ። ምስሉን በሌላ ተመሳሳይ ዲስክ ላይ ወይም በአዳፕተር በሚገጠም ኮምፓክት ፍላሽ ካርድ ላይ ይጻፉት፤ መጠኑ ከዋናው ማነስ የለበትም።

ደረጃ 4፦ ፓወር ሰፕላዩን ብቻውን ይፈትኑ

ፓወር ሰፕላይ የሶኬቱን ኤሌክትሪክ ለማሽኑ ክፍሎች የሚያከፋፍለው የብረት ሣጥን ነው። ከኋላው፣ ገመዱ ከሚሰካበት አጠገብ፣ በብዙዎቹ ላይ 115 እና 230 የተጻፈበት ትንሽ ቀይ ማንሸራተቻ አለ። ከአሜሪካ የመጣ ማሽን ከሆነ ማንሸራተቻው 115 ላይ ሊሆን ይችላል፤ በእኛ አገር 220 ቮልት ላይ ሲሰካ ያ ፍንዳታ የሚሰማው በዚህ ምክንያት ነው። እኔም ዘመድ የላከውን የመጀመሪያውን ፔንቲየም ኮምፒውተሬን ያቃጠልሁት ይህን ማንሸራተቻ ሳላይ ነው። ፓወር ሰፕላዩና ማዘርቦርዱ አብረው ሄዱ፤ ዲስኩ የተረፈው ገመዱ ላልቶ ስለነበር ብቻ ነው። በካቻቢቴ ጫፍ ወደ 230 ያንሸራትቱት፤ እስከ መጨረሻው መሄዱንም ያረጋግጡ።

ማስጠንቀቂያ፦ የፓወር ሰፕላዩን ሣጥን አይክፈቱ። ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ያሉት ትልልቅ ካፓሲተሮች ከ300 ቮልት በላይ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ።

1. ከፓወር ሰፕላዩ ወደ ማዘርቦርዱና ወደ ሌሎች ክፍሎች የሚሄዱትን ገመዶች በሙሉ ይንቀሉ። እንዲሁ ባዶውን እንዳይሠራ አንድ የማይፈለግ የሲዲ ማጫወቻ ብቻ ያገናኙለት።

2. የሚተማመኑበት ኤሌክትሪሺያን ካለ አንድ የ100 ዋት የክር አምፖል ከሶኬቱ ጋር በተከታታይ የተያያዘበት መሞከሪያ ያሠሩ። የድሮዎቹ የሬዲዮ ጠጋኞች ዘዴ ነው፤ እስካሁንም የሚተካው አላገኘሁም። አምፖሉ ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ደህና ነው፤ በሙሉ ኃይሉ በርቶ ከቀረ ውስጡ ሾርት አለ፤ ወዲያውኑ ይንቀሉ። ኤልኢዲ አምፖል ለዚህ አይሆንም። አምፖሉ ቮልቴጁን ስለሚቀንስ ለዚህ ፍተሻ ብቻ ይጠቀሙበት፤ ለቀጣዩ ልኬት መሞከሪያውን ያንሡና በቀጥታ ይሰኩ።

3. ባለ 20 ቀዳዳው ሰፊ መሰኪያ ያለው ዓይነት ከሆነ፣ ሳይሰካ በፊት አረንጓዴውን ሽቦ ከአንዱ ጥቁር ሽቦ ጋር በወረቀት መያዣ ሽቦ ያገናኙ፤ ከዚያ ይሰኩና ያብሩ። ማራገቢያው መዞር አለበት።

4. የቴስተሩን ጥቁር ጫፍ ከጥቁር ሽቦ ጋር አድርገው ይለኩ። ቀዩ ከ4.75 እስከ 5.25፣ ቢጫው ከ11.4 እስከ 12.6፣ ብርቱካናማው ከ3.14 እስከ 3.47 ቮልት መስጠት አለበት። ከዚህ ውጭ ከሆነ ሌላ ይፈልጉ።

ሌላ ሲፈልጉ በሁለት ነገር ይጠንቀቁ። መሰኪያው ለሁለት የተከፈለ የቆየ ዓይነት ከሆነ፣ ሲሰኩት የሁለቱም ጥቁር ሽቦዎች መሐል ላይ ጎን ለጎን መሆን አለባቸው፤ ከተገለበጡ ማዘርቦርዱ ይቃጠላል። በ1990ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ገደማ የተሠሩ አንዳንድ የዴል ማሽኖች ደግሞ መሰኪያቸው ከሌላው ጋር አንድ ዓይነት መስሎ የሽቦዎቹ አሰላለፍ ግን የተለየ ነው፤ ለእነርሱ የሚሆነው የራሳቸው ብቻ ነው።

ደረጃ 5፦ በትንሹ ያስነሡ

ማዘርቦርዱ ላይ ፕሮሰሰር፣ አንድ ራም (ጊዜያዊ ማስታወሻ የሆነው ቀጭን ካርድ)፣ የስክሪን ካርድና የኬዙ ትንሽ ድምፅ ማጉያ ብቻ ይቅሩ። የራሙን ወርቃማ ጥርሶች በላጲስ ቀስ ብለው ፈትገው በአልኮል ይጥረጉ፤ ሲመልሱት ሁለቱም የጎን መያዣዎች ቀጭ ብለው እስኪዘጉ ይጫኑ። የፕሮሰሰሩ ቅባት ደርቆ ስለሚሆን ያንሡትና አዲስ፣ የምስር ፍሬ የሚያህል ቅባት ያድርጉ። በፔንቲየም 4 ላይ የማቀዝቀዣውን ብረት ሽቅብ ጎትተው አያውጡ፤ የደረቀው ቅባት ፕሮሰሰሩን ከነእግሩ ነቅሎ ያወጣዋል። ቀስ እያሉ ግራና ቀኝ እያዞሩ ያላቁት።

አሁን ያብሩና ድምፁን ያዳምጡ። አዋርድ የተባለው ባዮስ (ማሽኑ ሲበራ ከሁሉ በፊት የሚሠራው ፕሮግራም) ባላቸው ማሽኖች አንድ አጭር ድምፅ ማለት ሁሉም ደህና ነው። አንድ ረጅምና ሁለት አጭር የስክሪን ካርድ ችግር ነው፤ ካርዱን አውጥተው ጥርሱን አጽድተው ይመልሱ። ሳያቋርጥ የሚደጋገም ረጅም ድምፅ የራም ችግር ነው፤ ራሙን በሌላ ቀዳዳ ይሞክሩ። ምንም ድምፅ ሳይኖር ማራገቢያ ብቻ የሚዞር ከሆነ ማሽኑን ከሶኬት ነቅለው ባትሪውን ለሩብ ሰዓት አውጥተው ይመልሱ፤ ከዚያ እንደገና ይሞክሩ።

የድሮው ባለ ሆድ ሞኒተር ጤናማ ከሆነ ይጠቀሙበት፤ ካልሆነ ግን አይክፈቱት። ውስጡ ከ20,000 ቮልት በላይ የሚደርስ ኃይል ስለሚሠራ፣ ጠፍቶም ቢሆን ሊገድል ይችላል። ባለ 15 ቀዳዳው ቪጂኤ ገመድ በብዙ ጠፍጣፋ ሞኒተሮችም ላይ ይሠራል።

ደረጃ 6፦ ሰዓቱንና ዲስኩን ያስተዋውቁ

አዲስ ባትሪ ከገባ በኋላ ማሽኑ የነበረውን ሁሉ ስለሚረሳ የስህተት መልእክት ያወጣል። ሲነሣ ዲሊት የሚለውን ቁልፍ ደጋግመው ተጭነው ወደ ባዮስ ይግቡ። ቀኑን በአውሮፓ አቆጣጠር ያስገቡ። ከዚያ ቅጂውን ዲስክ ይግጠሙ፤ በጠፍጣፋው ገመድ ጠርዝ ያለው ቀይ መሥመር አብዛኛውን ጊዜ ወደ ኤሌክትሪክ ገመዱ ይዞራል። ባዮሱ ዲስኩን ራሱ ፈልጎ እንዲያገኝ ያዙት። የገጠሙት ተተኪ ዲስክ ትልቅ ከሆነና ማሽኑ ካልተቀበለው፣ የቦርዱ ዕድሜ ነው ምክንያቱ፤ አንዳንዶቹ ከ504 ሜጋባይት፣ አንዳንዶቹ ከ8.4 ጊጋባይት፣ ሌሎቹ ከ137 ጊጋባይት በላይ አያዩም።

ደረጃ 7፦ ፍሎፒዎቹን ያንብቡ

ባለ 1.44 ሜጋባይቱን ፍሎፒ ከማስገባትዎ በፊት የጥጉን ማንሸራተቻ ገፍተው ቀዳዳውን ክፍት ያድርጉት፤ ክፍት ሲሆን ማንበብ እንጂ መጻፍ አይቻልም። የብረቱን መዝጊያ ገልጠው ጥቁሩን ዲስክ በብርሃን ይመልከቱ። ደመና መሳይ ነጭ ነጠብጣብ ካለ ሻጋታ ነው፤ እንዲህ ያለው ከገባ የማንበቢያውን ጭንቅላት ያቆሽሽና ቀጥሎ የሚገባውን ጤነኛ ፍሎፒ ይፍቃል። የተበላሸውን ለይተው ያስቀምጡ። ጤነኛው አልነበብ ካለ ጭንቅላቱን በአልኮል ባረጠቡት ጥጥ ጠርገው ይድገሙ፤ ያም ካልሆነ በሌላ ማንበቢያ ይሞክሩ፤ በአንዱ የማይነበብ በሌላው ሊነበብ ይችላል።

ደረጃ 8፦ ጨዋታዎቹን ያስነሡ

የዶስ (ከዊንዶውስ በፊት የነበረው ሥርዓት) ጨዋታ ድምፅ ከሌለው በማስተካከያው ውስጥ ሳውንድ ብላስተር የተባለውን የድምፅ ካርድ መርጠው አድራሻውን 220፣ አይአርኪውን 5 ወይም 7፣ ዲኤምኤውን 1 አድርገው ይሞክሩ። ገና ሲከፈት ስህተት 200 ብሎ የሚዘጋ ከሆነ ፕሮግራሙ አልተበላሸም፤ ቱርቦ ፓስካል በተባለው የፕሮግራም መሥሪያ የተሠሩ ብዙ ፕሮግራሞች ከ200 ሜጋኸርትዝ ገደማ በላይ በሚፈጥን ፕሮሰሰር ላይ እንዲህ ይሆናሉ። እንዲህ ያለውን፣ ወይም ከልክ በላይ የሚፈጥነውን ጨዋታ፣ በአዲስ ኮምፒውተር ላይ የዶስን ማሽን የሚያስመስለውን ዶስቦክስ ጭነው ፍጥነቱን ዝቅ አድርገው ይጫወቱት።

ደረጃ 9፦ የድሮውን የአማርኛ ጽሑፍ መልሰው ያንብቡ

ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ነው፤ ፋይሉ ግን አብዛኛውን ጊዜ ደህና ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ (ለየቋንቋው ፊደላት የራሳቸውን ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት) የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ ፓወር ግዕዝ፣ አጋፋሪና ሌሎችም የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች የአማርኛውን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ያስቀምጡ ነበር። በአንድ ፎንት ውስጥ ከ256 የሚበልጥ ቦታ ስለሌለና የግዕዝ ምልክቶች ከ300 በላይ ስለሆኑ፣ አንዳንዶቹ ፊደሉን በሁለት ፎንት ከፈሉት፤ ሌሎቹም አንዱን ፊደል ከሁለት ቁራጭ ገጠሙት። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ታዲያ የሚታየው ላቲኑ ብቻ ነው።

1. ሰነዱን ከከፈቱ በኋላ ምንም ሳይነኩ፣ ጽሑፉን መርጠው የፎንቱን ስም ያንብቡና በወረቀት ይመዝግቡ። ሲዘጉ ይቀመጥ ወይ ብሎ ቢጠይቅ አይቀመጥ ይበሉ። ያልተጠነቀቀ ሰው ፎንቱን ለውጦ ካስቀመጠ፣ የትኛው ክፍል አማርኛ፣ የትኛው እንግሊዝኛ እንደነበረ የሚያመለክተው ፍንጭ ይጠፋል።

2. በቀዱት የዲስክ ምስል ውስጥ ዊንዶውስ በሚለው ፎልደር፣ ፎንትስ የሚለውን ይክፈቱ። የመዘገቡት ስም ያለውን ፎንት ከነተጓዳኞቹ በሙሉ ገልብጠው አዲሱ ኮምፒውተር ላይ ይጫኑ። ፎንቱን ከሌላ ቦታ ከማውረድ ይልቅ ከዚያው ዲስክ መውሰድ የሚሻለው፣ በአንድ ስም የተለያዩ እትሞች ስላሉና የፊደሎቹ ቦታም ሊለያይ ስለሚችል ነው።

3. ሰነዱ በትክክል ሲታይ፣ ከሁሉ በፊት በፒዲኤፍ ያስቀምጡት። ከዚህ በኋላ ምንም ቢበላሽ መልኩ ተይዟል።

4. ወደ ዩኒኮድ የሚለውጥ ፕሮግራም የሚጠቀሙት በቅጂው ላይ ነው። የፎንቱን ዓይነት በትክክል ይምረጡ፤ ቪዥዋል ግዕዝን በፓወር ግዕዝ ሰንጠረዥ ከለወጡት የሚወጣው አማርኛ መሳይ ዝብርቅ ነው። እንግሊዝኛ የተቀላቀለበት አንቀጽ ካለ እንግሊዝኛውን ለይተው ያውጡ፤ አለዚያ እርሱም ወደ ግዕዝ ይለወጣል።

5. የተለወጠውን ከፒዲኤፉ ጋር ያነጻጽሩ። በእኔ ልምድ የሚሳሳቱት የግዕዝ ቁጥሮች፣ እንደ ሏ፣ ኳና ጓ ያሉት ዲቃላ ፊደላት፣ አራት ነጥብና ነጠላ ሰረዝ ናቸው። የሰው ስምና ቀን ያለበት ሰነድ ከሆነ ፒዲኤፉን ያትሙት፤ አንድ ሰው ከወረቀቱ ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብ፤ እርስዎ ደግሞ በስክሪኑ ላይ ፊደል በፊደል እየተከታተሉ ያርሙ።